ሃይላንዱ ለምን አበጠ? ከጋን እስከ ፕላስቲክ ጠርሙስ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ስል አክስቴ ሁለት ሊትር ጠላ በሃይላንድ ሞልታ ሰጠችኝ። «ክዳኑን ጥርቅም አድርገህ እንዳትዘጋው» አለችኝ። እኔ ግን አውቶቡስ ውስጥ እንዳይፈስብኝ ብዬ፣ ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ አጠበቅኩት። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ቦርሳዬ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ አለ። አውጥቼ ሳየው ጠርሙሱ እንደ ኳስ ተነፍቷል፤ ታቹ ወደ ውጭ ስለተገፋ ቀጥ ብሎ መቆም እንኳ አልቻለም። ክዳኑን ትንሽ ፈታ ሳደርገው ግማሹ ጠላ ወደ ጣሪያው ተፈናጠረ፣ የቀረው አጠገቤ የተቀመጡትን እናት ነጠላ አራሰው። እሳቸውም ነጠላቸውን እያራገፉ «ልጄ፣ ጠላ እኮ ነፍስ አለው፤ እንዴት ታፍነዋለህ?» አሉኝ።

የሳቸው ንግግር እንደ ተረት ይመስላል እንጂ የታወቀ ሳይንስ ነው። የሰው ልጅ ሕይወት ያለውን ይህን መጠጥ የሚይዝለት ዕቃ ሲፈልግ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ድግስ ቤት ውስጥ የምታዩት ቢጫ ጀሪካንና «ሃይላንድ» የምንለው የፕላስቲክ ጠርሙስ (ስሙ ከአንድ የታሸገ ውሃ ምርት የወረስነው ነው) የዚያ ረጅም ታሪክ የቅርብ ምዕራፎች ናቸው። ታሪኩን ስናውቅ ጠላውን በምን እንደምናስቀምጥና በምን እንደምንልክ መልሱ ራሱ ይመጣል።

በአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ስንት ጋዝ?

መጀመሪያ ጠርሙሱን ያሳበጠውን ነገር እንወቀው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባደረጋቸው ምርምሮች መፍላት የሕያዋን ፍጥረታት ሥራ መሆኑን አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1876 ደግሞ ስለ ቢራ ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። ሥራውን የምትሠራው በዓይን የማትታይ እርሾ ናት። ስኳር ትበላለች፣ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ታወጣለች። የአውቶቡሷ እናት «ነፍስ አለው» ያሉት ይህንን ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 180 ግራም ግሉኮስ የተባለው ስኳር ሙሉ በሙሉ ሲፈላ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ጋዝ ይሰጣል፤ ማለትም ከስኳሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ ጋዝ ይሆናል። አሁን አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 4 ግራም ገደማ ስኳር ውሰዱ። ከሱ የሚወጣው 2 ግራም ያህል ጋዝ በባሕር ወለል ላይ አንድ ሊትር ቦታ ይይዛል። አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ 1.4 ሊትር ገደማ ይሆናል። ከአንዲት ማንኪያ!

ያ ጋዝ መውጫ ካጣ መጠጡ ውስጥ ይሟሟል፣ ግፊትም ይፈጥራል። በአንድ ሊትር ጠላ ውስጥ አንድ ማንኪያ ስኳር ሳይፈላ ቀርቶ ዕቃው ከተዘጋ በኋላ ቢፈላ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ያህል ይጨምራል። ሁለት ማንኪያ ከሆነ የመኪና ጎማ ግፊት ላይ ተጠጋችሁ ማለት ነው። ስምንት ማንኪያ ቢሆንስ? ጠርሙሱ አጠገብ መቀመጥ አልመክራችሁም።

ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ10 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ በተለመደ ግፊት 1.2 ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሟሙቶ ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ ግን የሚይዘው የዚያን ግማሽ በትንሹ የሚበልጥ ነው። ስለዚህ ያው ጋዝ፣ ያው ጠርሙስ፣ ሙቀቱ ብቻ ሲቀየር ግፊቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። እርሾዋም ሲሞቃት ሥራዋን ታፋጥናለች። ከደብረ ማርቆስ ብርድ ተነስቶ ዓባይ በረሃ የወረደው ጠላዬ የገጠመው ይኸው ነው።

ጋን ይቀመጣል፣ እንስራ ይጓዛል

አሁን ወደ ጥንቱ ዕቃ እንመለስ። ምዕራብ ኢራን ውስጥ ጎዲን ቴፔ በተባለ ቦታ የተገኙ፣ ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የሸክላ ማሰሮዎች ውስጣቸው በጭረት የተሞላ ነበር። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ጭረቱ ውስጥ የቀረውን ደረቅ ዝቃጭ መርምረው ካልሲየም ኦክሳሌት አገኙበት። ይህ ቢራ ሲቀመጥ ዕቃው ላይ የሚተወው ድንጋይ መሰል ቅሪት ነው። ቢራና ሸክላ አብረው ያረጁ ወዳጆች ናቸው ማለት ነው።

የእኛ ቤት ጋን የዚያ ወገን ነው። አሠራሩን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጌሾና ብቅሉ ተጠንስሶ ይቆያል፤ ቂጣው ይገባል፤ እንኩሮው ይጨመራል፤ ወፍራም ድፍድፍ ይሆናል። ከዚያ አፉ ይከደናል፣ በጭቃ ይመረጋል። ጭቃና ሸክላ ግን እንደ ብረት ጥርቅም አይሉም። ጋዙ በቀዳዳውም በስንጥቁም ቀስ እያለ ይወጣል። ጋን የፈነዳበት ቤት የማናውቀው ለዚህ ነው።

የጭሱም ሥራ ለሽታ ብቻ አይደለም። ሸክላ በዓይን የማይታዩ ብዙ ጉድጓዶች አሉት፤ ያለፈው ጠላ ባክቴሪያዎች እዚያ ይደበቃሉ። ጭስና ሙቀት ቁጥራቸውን ይቀንሳል።

አሁን ዋናው ነጥብ መጣ። በባህሉ ለረጅም ጊዜ ጋን ውስጥ የሚቀመጠው ጠላው ሳይሆን ድፍድፉ ነው። ጠላው ሲፈለግ ውሃ ይጨመርበትና ጥቂት ቀን ቆይቶ ይጠጣል። ወደ ጎረቤት ወይም ወደ ድግስ ቤት መውሰድ ሲያስፈልግ ደግሞ ሌላ ዕቃ አለ፦ እንስራ። እንስራ በጀርባ ታዝሎ ይሄዳል፣ አፉም በቅጠል ወይም በሣር ይወተፋል። ውታፉ ጠላው እንዳይፈናጠር ይይዛል፣ ጋዙን ግን ያሳልፋል። ማስቀመጥና ማጓጓዝ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን እናቶቻችን በዕቃ ለይተው ነበር። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንጂ አይሸከሙትም! ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

እንደ ጠመንጃ የጮኸው ጠርሙስ

ሸክላ ጋዝ ስለሚያስወጣ አይፈነዳም፤ ግን ጋዙን ስለማያቆይ መጠጡ ኃይለኛ አረፋ አይኖረውም፤ አየርም ስለሚያስገባ መጠጡ ቶሎ ይኮመጥጣል። አውሮፓውያን ደግሞ ጋዙን ይዞ የሚያቆይ ዕቃ ፈለጉ።

እንግሊዝ ውስጥ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሌክሳንደር ኖዌል የተባለ የለንደኑ ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አስተዳዳሪ ዓሣ ሊያጠምድ ወንዝ ወርዶ፣ በጠርሙስ የያዘውን ቢራ ሣር ውስጥ ረስቶት ይመለሳል። ከቀናት በኋላ አግኝቶ ሲከፍተው እንደ ጠመንጃ ጮኸ ይባላል። ታሪኩ የተጻፈው እሱ ከሞተ ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለሆነ ዝርዝሩን እንደ ወግ ውሰዱት። ሳይንሱ ግን ልክ ነው፦ የተረፈ ስኳር፣ ሕያው እርሾ፣ ድፍን ክዳን።

የዚያ ዘመን መስታወት ይህን ግፊት በደንብ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1615 የእንግሊዝ ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ፣ ደን እንዳያልቅ ሲል፣ መስታወት አቅላጮች እንጨት እንዳያነዱ ከለከለ። እነሱም ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ። የከሰሉ እሳት ይበልጥ ስለሚሞቅ የሚወጣው ጠርሙስ ወፍራምና ጠንካራ ሆነ። ደን ለማዳን የወጣ ትዕዛዝ ጠርሙስ አጠነከረ፤ ቴክኖሎጂ አንዳንዴ እንዲህ በጓሮ በር ነው የሚገባው።

ያም ሆኖ ፈረንሳይ ውስጥ ሻምፓኝ የሚያመርቱ ሰዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንኳ ምድር ቤት ሲገቡ የብረት ጭምብል ያጠልቁ ነበር። አንዱ ጠርሙስ ሲፈነዳ ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳልና። መፍትሔ ያመጣው ሻሎን የተባለች ከተማ የሚኖር ፍራንስዋ የሚባል የመድኃኒት ባለሙያ ነው። በ1830ዎቹ ወይኑ ውስጥ የቀረውን ስኳር ለክቶ ምን ያህል መጨመር እንደሚበቃ የሚያሰላ ዘዴ አወጣ። እኛ ቅድም በሻይ ማንኪያ የሠራነው ሒሳብ የዚያ ልጅ ነው። ጠርሙስ ከማጠንከር ስኳር መለካት ይሻላል የሚለው ትምህርት ዛሬም ይሠራል።

የመጨረሻው ቁራጭ ክዳኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 ዊልያም ፔንተር የተባለ አሜሪካዊ በባልቲሞር ከተማ ዛሬ ቆርኪ የምንለውን ክዳን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። መስታወትና ቆርኪ ሲገናኙ ቢራ ከከተማ ከተማ ተጓዘ። ግን መስታወት ይከብዳል፣ ይሰበራል፣ ሲፈነዳም ስለት ሆኖ ይበተናል። ጠላ በቢራ ጠርሙስ ሞልቶ ማሸግ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ፋብሪካው እርሾውን አጣርቶ ወይም በሙቀት ገድሎ ነው የሚያሽገው፣ የእኛ ጠላ ግን ገና በሥራ ላይ ነው።

ጀሪካን፦ ለቤንዚን የተፈጠረ ዕቃ

ከመስታወት የቀለለና የማይሰበር ዕቃ ሁለት መንገድ ይዞ መጣ። አንደኛው ከጦር ሜዳ ነው።

ጀሪካን የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? «ጄሪ» የእንግሊዝ ወታደሮች ለጀርመኖች ያወጡት ቅጽል ስም ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ለጦር ሠራዊታቸው ቤንዚን መያዣ 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ዕቃ ሠሩ። ሦስት እጀታ ነበረው፤ አንድ ሰው ብቻውን ይሸከመዋል፣ ሁለት ሰዎችም ግራና ቀኝ ይይዙታል። ከላይ አየር የሚቀርበት ክፍተት አለው፤ ቤንዚኑ በሙቀት ሲሰፋ ቦታ እንዲያገኝ። እንግሊዞች ሰሜን አፍሪካ በረሃ ላይ የማረኩትን አይተው በጣም ስለወደዱት ቀዱት፤ ስሙንም «የጄሪ ጣሳ» አሉት። ጀሪካን ማለት ይኸው ነው።

ብረቱን ወደ ፕላስቲክ የቀየረው ኬሚስትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ጀርመናዊው ካርል ሲግለር ፖሊኢትሊን የተባለውን ፕላስቲክ ያለ ከፍተኛ ግፊት ጠንካራ አድርጎ የሚሠራበትን መንገድ አገኘ፤ በ1963 ከጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰደ። የዘይት ጀሪካናችሁን ገልብጣችሁ ታቹን እዩት፤ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር ካለ ዕቃው የተሠራው ከዚህ ፕላስቲክ ነው።

አያችሁ፣ ጀሪካን የተፈለሰፈው ለማይፈላ ነገር ነው። ቤንዚን ይሰፋል እንጂ ጋዝ አያመርትም። ጠፍጣፋ ጎኖቹ መኪና ላይ ለመደርደር እንጂ ግፊት ለመሸከም አልተሠሩም። ጠላ ሞልታችሁ ብታጠብቁት ሆዱ የሚነፋው ለዚህ ነው።

ፍሪጅ ውስጥ ያበጠው ጠርሙስ

ሁለተኛው መንገድ የጀመረው ከፍሪጅ ነው። ናትናኤል ዋይዝ አሜሪካ ውስጥ ዱፖንት በተባለው ኩባንያ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። አባቱና ወንድሙ ስመ ጥር ሠዓሊዎች ናቸው፤ እሱ ማሽን መረጠ። ጋዝ ያለበት መጠጥ ለምን በፕላስቲክ አይታሸግም ብሎ ሲጠይቅ ይፈነዳል አሉት። እሱም የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ ገዝቶ፣ ባዶ አድርጎ፣ የዝንጅብል ለስላሳ ሞላበትና ፍሪጅ ውስጥ አሳደረው። በማግስቱ ጠርሙሱ ከማበጡ የተነሳ መደርደሪያዎቹ መካከል ተቀርቅሮ አገኘው። ከኔ ሃይላንድ ጋር ወንድማማች ናቸው!

ዋይዝ ግን እንደኔ አፍሮ ዝም አላለም። ችግሩን ለማየት ጥጥ አስቡ። ጥጥ እንዲሁ ስትጎትቱት ይበጣጠሳል። ሲፈተል ክሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፉና ይጠነክራል። ነጠላ ለመሆን ግን ድርም ማግም ያስፈልገዋል፤ ወደ ርዝመትም ወደ ጎንም። የፕላስቲክ ሞለኪውሎችም ረጃጅም ክሮች ናቸው። ዋይዝ ፕላስቲኩን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚለጥጥበትን መንገድ ፈለገ፤ በፖሊፕሮፒሊን ጀምሮ በኋላ ፔት ወደተባለው ፕላስቲክ ተሸጋገረ። የፈጠራ መብቱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው።

ፔት ራሱ ከልብስ ዓለም የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ጆን ዊንፊልድና ጄምስ ዲክሰን የተባሉ እንግሊዛውያን ኬሚስቶች ለማንቸስተሩ የጨርቅ አታሚዎች ማኅበር ሲሠሩ አገኙት። ዛሬ ፖሊስተር ብለን የምንለብሰው እሱን ነው። ስለዚህ የድርና የማጉ ምሳሌ ዝም ብሎ ምሳሌ አይደለም።

ይህን ቤታችሁ ታዩታላችሁ። ሃይላንድ ውስጥ የፈላ ውሃ ሲገባ ወዲያው ይኮማተራል፣ ይጨማደዳል። ተለጥጠው የነበሩት ክሮች ሲሞቁ ወደነበሩበት ስለሚሰበሰቡ ነው። ፔት ከ75 ዲግሪ ገደማ በላይ አይጨክንም።

አሁን ደግሞ የውሃ ጠርሙስና የለስላሳ ጠርሙስ ጎን ለጎን አቁሙና ታቻቸውን እዩ። የለስላሳው ግድግዳ ወፈር ይላል፤ ታቹም እንደ አበባ ቅጠል የተከፈሉ አምስት እግሮች አሉት። ክብ ታች ግፊት ይችላል ግን አይቆምም፤ አምስቱ እግሮች ሁለቱን ያስታርቃሉ። በክፍል ሙቀት ሦስትና አራት አትሞስፌር ግፊት እንዲሸከም ታስቦ የተሠራ ነው። የውሃው ጠርሙስ ግን ስስ ነው፣ ምክንያቱም ውሃ አይፈላም። የኔ ጥፋት ሁለት ነበር ማለት ነው፦ ክዳኑን አጠበቅኩ፣ ጠርሙሱም የውሃ ነበር።

ፕላስቲክ ይተነፍሳል

«እሺ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ከተገኘ ነገሩ አለቀ» ትሉ ይሆናል። አላለቀም። ፕላስቲክ ለዓይን ድፍን ነው፤ ለጋዝ ግን እንደ ስስ ወንፊት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በግድግዳው ሰንጥቆ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ኦክስጅን ደግሞ ከውጭ ይገባል። የ2 ቁጥሩ ጀሪካን ከ1 ቁጥሩ ፔት ከአሥር እጥፍ በላይ ኦክስጅን ያሳልፋል።

ኦክስጅን ምን ያደርጋል? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ጣዕም ያበላሻል፤ በአንድ ሊትር ቢራ አንድ ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን መግባቱ ለቀማሽ ምላስ ይበቃል። ሁለተኛ፣ አልኮልን ወደ አቼቶ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ያለ ኦክስጅን አይሠሩም። አየር ስትሰጧቸው ጠላው ይኮመጥጣል። ትንሽ ጠርሙስ ከትልቁ ቶሎ ይጎዳል፤ ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው የግድግዳ ስፋት ይበልጣልና።

ለዚህ ነው ለስላሳ መጠጥ ወደ ፕላስቲክ ሲገባ ቢራ ረጅም ዘመን ወደኋላ የቀረው። አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ ጠማቂዎች በፕላስቲክ መሸጥ የሞከሩት በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ያኔም ኦክስጅን የሚከለክል ንብርብር መሐል አስገብተው። በአንጻሩ እንግሊዝ ከ1963፣ አሜሪካ ከ1979 ጀምሮ ያለ ፈቃድና ያለ ግብር ቤታቸው ውስጥ እንዲጠምቁ የተፈቀደላቸው ሰዎች ተራ የለስላሳ ጠርሙስ ወደዱ። ምክንያቱም ጠርሙሱ ይናገራል! በጣት ሲጫኑት ለስላሳ ከሆነ ጋዙ ገና ነው፤ እንደ ድንጋይ ከደረቀ በቅቶታል፣ ወደ ብርድ ይግባ። መስታወት ሳይነግር ይፈነዳል፣ ፕላስቲክ ግን መጀመሪያ ያብጣል።

ታዲያ ጠላውን በምን እንላከው?

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን ልዩነት አምጡት። ጋን ያስቀምጣል፣ እንስራ ያጓጉዛል። ሃይላንድና ጀሪካን የወረሱት የእንስራን ቦታ እንጂ የጋንን አይደለም። ቀላል ናቸው፣ አይሰበሩም፣ አደጋ ሲመጣም አብጠው ያስጠነቅቃሉ። ለአንድና ለሁለት ቀን መንገድ የሚሻላቸው የለም። ለሳምንታት ማስቀመጫ ስናደርጋቸው ግን ጠላው ይኮመጥጣል፣ ከዚያም ጥፋቱን በጠማቂዋ ላይ እናሳብባለን።

በተግባር ይህ ማለት፦ ጠላው መፍላቱን ጨርሶ ሲረጋ ይጫን። ጠርሙሱ ባለ አምስት እግሩ የለስላሳ ይሁን፣ ከላይ ትንሽ ቦታ ይተውለት፣ መንገድ ላይ እየፈታችሁ አስተንፍሱት። ጀሪካን ከሆነ ክዳኑ ላላ ይበል፣ እንደ እንስራው ውታፍ። ሙቀት ሽሹ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የዕቃውን የቀድሞ ሕይወት ጠይቁ። ፕላስቲክ የያዘውን ነገር ወደ ግድግዳው ይመጣል፣ አልኮልና አሲድ ያለበት መጠጥ ሲገባ ደግሞ መልሶ ይለቃል። የፀረ ተባይ፣ የቤንዚን ወይም የበረኪና ዕቃ የቱንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም። በሸክላ ዘመን ግራዋና ወይራ ይበቁ ነበር፤ ለእነዚህ ግን አይበቁም።

ገና ልጆች የሆናችሁ አንባቢዎች መጠጡን ለአዋቂዎች ተዉት፤ ፊዚክሱ ግን የእናንተ ነው። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ትንሽ የዳቦ እርሾ ጨምሩ፣ ሃይላንድ ውስጥ አድርጉት፣ አፉ ላይ በክዳን ፋንታ ፊኛ አልብሱት። እስከ ማግስቱ ጠብቁና ፊኛው ስንት ሊትር እንደያዘ ገምቱ፤ ከሒሳባችን ጋር አወዳድሩት።

እኔም ባለፈው ዓመት አክስቴን ሄጄ ስጠይቃት ይህን ሁሉ ሒሳብ አስረዳኋት። በጥሞና ሰምታኝ ስታበቃ ጠርሙሱን ሞልታ አቀበለችኝና «ክዳኑን ጥርቅም አድርገህ እንዳትዘጋው» አለችኝ።